የጾም ዓሣ አለን

ይህ ታሪክ መነገር የሚገባው ይሁን አይሁን እስካሁን እርግጠኛ አይደለሁም። የኮሌጃችን መጽሔት አዘጋጆች «ሕይወታችሁን የቀየረ ገጠመኝ ላኩልን» ብለው ሲለጥፉ፣ የክፍል ጓደኞቼ ከመኪና አደጋ ስለ መትረፍና ጎርፍ ስለ መሻገር ጻፉ። የእኔ ታሪክ ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር የለም። ያለው አንድ የእንጨት ሰሌዳና አንድ ጎድጓዳ ሳህን ነው። ይህን ብሎ ሰው ጊዜውን ያጠፋልኛል ወይ እያልኩ ጀምሬ ቀድጄዋለሁ።

ባለፈው ሰሞን ግን የገበያ ጥናት መምህራችን «ለአነስተኛ ነጋዴ ጥሩ የማስታወቂያ ጽሑፍ ምን ይጠቅመዋል?» ብለው ክፍሉን ጠየቁ። ሁሉም «ደንበኛ ይስብለታል» አሉ። እኔም እጄን አወጣሁ፤ ነገር ግን ስነሣ ድምፄ ተቆረጠና ተመልሼ ተቀመጥኩ። መምህራችን ደግ ሰው ናቸው፤ «መናገር ካቃተሽ ጽፈሽ አምጪው» አሉኝ። እነሆ ጽፌዋለሁ። ቋንቋው ላይ የሳትኩት ካለ አንባቢዎቼ እንድታርሙኝ በትሕትና እጠይቃለሁ።

ያኔ ጋምቤላ ከተማ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። የተወለድኩት ጎግ ነው፤ አኙዋክ ነኝ፤ ስሜ አሪየት ነው። አባቴ ከሞተ በኋላ እናቴ አቻላ እኔን ለማስተማር ስትል መንደሯን ትታ ከተማ ገባች። መጀመሪያ አንድ ሆቴል ውስጥ ዕቃ አጣቢ ሆና ሠራች። እዚያ የነበረ ወጥ ቤት ዓሣ አጠባበስ አስተማራት። ከዚያ በኋላ ከቢሮዎች ወደ ገበያ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ አንድ ትልቅ ማንጎ ሥር ያለ ቤት ተከራይታ የራሷን ምግብ ቤት ከፈተች። ክልሉ ከተቋቋመ ገና ብዙ አልቆየም ነበር። በየጊዜው አዲስ ቢሮ ይከፈታል፤ ከደጋ አዲስ ሠራተኛ፣ አዲስ መምህር፣ አዲስ ነርስ ይመጣል። እነዚህ ሁሉ በየቀኑ በደጃችን ያልፋሉ። ነገር ግን አይገቡም። የሚገቡት ጥቂት ዘመዶቻችንና ከባሮ ዓሣ የሚያመጡልን ሰዎች ነበሩ።

የቤቱ ባለቤት ይህን አይቶ እናቴን እስከ ፋሲካ እንደሚታገሳት፣ ሥራው ካልደራ ግን ቤቱን ለልብስ ሰፊ እንደሚሰጠው ነገራት። ቤቱ ከሄደ እኛም ወደ ጎግ እንመለሳለን። ጎግ ደግሞ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የለም። እናቴ ይህን ስትነግረኝ አላለቀሰችም። «ሰሌዳ እናሠራለን» ብቻ ነው ያለችኝ።

የከተማዋ ሰሌዳ ጸሐፊ ጋሽ ንጉሤ ይባላል። ከደጋ የመጣ ጨዋታ አዋቂ ሰው ነው። ቢሮ በተከፈተ ቁጥር ሰሌዳ ስለሚያስፈልግ ከእሱ የበለጠ ሥራ የበዛበት ሰው አልነበረም። እንደዚያም ሆኖ ለእናቴ ከዋጋው ላይ ስሙኒ ሳይጨምር ሊሠራላት እሺ አለ። ብሩሹን ይዞ ማንጎው ሥር ተቀመጠና «ምን ብዬ ልጻፍልሽ?» አላት።

«ምግብ ቤት በል።»

«ምግብ ቤት! አቻላ፣ ምግብ ቤት መሆኑንማ ሽታው ይናገራል፤ ውሻው ሁሉ ያውቃል። ሰሌዳ ማለት የሚያልፈውን ሰው በስሙ የሚጠራ ነው። በዚህ መንገድ የሚያልፈው ማነው?»

«ደገኛ ነው።»

«ደገኛው ከሰኞ ጀምሮ ምን ሊሆን ነው?»

እናቴ ወደ እኔ ዞረች። እኔም አላወቅሁም።

«ሁዳዴ ሊይዝ ነዋ! ሽሮ ብቻ እየላሰ ሊከርም ነው። እዚህ ከተማ ደግሞ ሽሮውም እንደ ልብ አይገኝ። አሁን ‹የጾም› የምትለዋን ቃል ጣል እናድርግባትና ግማሹ ቢሮ እዚህ ካልገባ ንጉሤ አትበይኝ።»

እናቴ ሳቀች። «ጾም ምግብ አለው? እኛ ስንጾም ምንም የለም። ውሃም የለም። ሰው እንዴት ይጾማል፣ እንዴት ይበላል?»

«የእናንተ የጴንጤዎቹ አንድ ቀን ነው። የእኛ ሁለት ወር ሊሞላ ጥቂት ነው የሚቀረው። ሳንበላ ማን ቢሮ ይገባል?»

«እሺ፣ ምን አትበሉም?»

«ሥጋ ነዋ!»

«እኔ ሥጋ የለኝም። ዓሣ ብቻ ነው ያለኝ።»

«ታዲያ ምን ቀረሽ?» አለና ብሩሹን ቀለሙ ውስጥ ነከረ።

አንባቢዎቼ ሆይ፣ ይህችን ንግግር እባካችሁ ልብ በሉልኝ፤ የሆነው ሁሉ የሆነው እዚህ ላይ ነው። ለጋሽ ንጉሤ «ሥጋ» የሚለው ቃል ብቻውን አይሄድም። ቅቤውም፣ ወተቱም፣ እንቁላሉም በዚያ ቃል ውስጥ አሉ። ከልጅነቱ ጀምሮ ስለሚያውቀው መዘርዘር እንዳለበት አልታሰበውም። ለእኛ ግን ሥጋ ሥጋ ነው። እሱ ምንም አልደበቀንም፤ እኛም ምን መጠየቅ እንዳለብን አናውቅም ነበር።

ሰሌዳው በነጭ ላይ በቀይ ተጻፈ። «ለጾመኛ እንግዶቻችን ጣፋጭ የጾም ዓሣ አለን» ይላል። ከሥሩ ፈገግ ያለ ዓሣ ተስሏል። እናቴ ማንበብ ስለማትችል ደጋግሜ አነበብኩላት፤ እየሰማች በቃሏ ያዘችው። ሰው ደጃፉ ላይ በቆመ ቁጥር እሷም በሩ ላይ ቆማ ጽሑፉን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ትለዋለች።

እውነትም ገቡ። ዓሣ በጾም አይበላም የሚሉት አልመጡም፤ ይበላል የሚሉት ግን መቀመጫ እስኪጠፋ ድረስ መጡ። አግዳሚ ወንበር ከጎረቤት ተዋስን። የአማርኛ መምህሬ መምህር ካሣ ሰሌዳውን ቆሞ አይቶ «‹ጾ›ዋን አልሳታችኋትም፤ ያረምሻት አንቺ መሆን አለብሽ። ቢሮዎቹ እንኳ ይስቷታል» አለኝ፤ ያን ቀን ምሳ መብላት እስኪያቅተኝ ደስ አለኝ። የቤቱ ባለቤትም አንድ ቀን መጥቶ ደጃፉን የሞላውን ሰው አየና «አቻላ፣ ልብስ ሰፊው ሌላ ቤት ይፈልግ» ብሎ ሄደ።

ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለ ዓሣው ቅርፊት ነበር። ወርቅ ይመስላል፤ ሲነከስ ይንኮሻኮሻል፤ ውስጡ ግን ለስላሳ ነው። ከሁሉ በላይ የወደደችው ሲስተር አልማዝ የምትባል የጤና ጣቢያ ነርስ ነበረች።

«አቻላ፣ እኔ ቤቴ ዱቄት አድርጌ እጠብሳለሁ፤ እንዲህ አይሆንልኝም። ምንድነው የምታደርጊው?»

«ምስጢር ነው።»

«እስከ ፋሲካ ካልነገርሽኝ መርፌ ነው የምወጋሽ።»

«ውጋ! እኔ መርፌ አልፈራም።» እናቴ በአማርኛ ወንድና ሴት ትቀላቅላለች፤ ሲስተር አልማዝ ይህን ስትሰማ ሁልጊዜ ትስቃለች። «ውጋ አለችኝ! ወንድ አደረገችኝ!»

በዚያ ሳምንት ወባ ያዘኝ። ሲስተር አልማዝ ከሥራ ስትወጣ በፀሐይ እየመጣች መድኃኒት ሰጠችኝ፣ ግንባሬን በእርጥብ ጨርቅ ጠረገችልኝ። ሲሻለኝ እናቴ በአኙዋክኛ «ለዚህች ሴት ምን ልስጣት?» አለችኝ። ቤታችን ውስጥ የሚሰጥ ነገር አልነበረም። ጥቂት አሰበችና ፊቷ በራ። «ምስጢሩን እሰጣታለሁ» አለች።

ቀኑ ዓርብ ነበር። ዓርብ ጾማቸውን እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚያደርሱ ሰዎች ስለሚበዙ፣ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ቤቱ ይሞላል። እኔ ገና ጉልበቴ ስላልጠና በሩ አጠገብ ተቀምጬ ነበር። መምህር ካሣ አለ። ሲስተር አልማዝ አለች። ጥግ ላይ ሁልጊዜ የሚቀመጡባት ቦታ ላይ አቶ ሀብቴ አሉ። አቶ ሀብቴ የአንድ ቢሮ ሒሳብ ሠራተኛ ናቸው፤ ዕድሜያቸው የገፋ፣ ዝምተኛ ሰው። ሲገቡ ቆባቸውን ያወልቃሉ፤ ከመብላታቸው በፊት ረጅም ጸሎት ያደርሳሉ። አንድ ቀን እናቴ «አንተ ዓሣ ትወዳለህ» ስትላቸው «ጣና ዳር ነው ያደግሁት። እኛ ቤት ዓሣ የጾም ነው» ብለው ነበር። ከዚያ ሌላ ብዙ ቃል ሲወጣቸው አልሰማሁም።

ሁሉም መብላት ከጀመሩ በኋላ እናቴ ከጓዳ ወጣች። ጎድጓዳ ሳህን በሁለት እጇ ይዛለች። ለድግስ እንደምትለብሰው ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ አድርጋለች። ሲስተር አልማዝ ፊት ቆመች።

«አልማዝ፣ ልጄን አዳንሽ» አለች፤ ያን ቀን አማርኛዋ እንዳይሳሳት ተለማምዳ ነበር። «እኔ ምንም የለኝም። ምስጢር አለኝ። እሱን ሰጠሁሽ።»

«እልል በሉላት!» አለ መምህር ካሣ፤ ሰው ሳቀ፤ አጨበጨበ። እናቴ ሳህኑን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። ሲስተር አልማዝ ጎንበስ ብላ አየች። የተመታ፣ ቢጫ ነገር።

«ምንድነው ይሄ?»

«እንቁላል! መጀመሪያ ዱቄት፣ ከዚያ እንቁላል፣ ከዚያ ዘይት። በጣም ይመታል። ብዙ እንቁላል። ለእናንተ አልሰስትም።»

የሲስተር አልማዝ እጅ አፏ ጋ ደርሶ ቀረ። አንድ ሰው «ትቀልጃለሽ፣ እማማ» አለና ሊስቅ ሞከረ። እናቴም ሳቁን ስትሰማ አብራ ሳቀች። እሱ ነው እስከ ዛሬ የማይረሳኝ። ከልቧ እየሳቀች፣ የሁሉንም ፊት በየተራ እያየች፣ ምስጋና ትጠብቅ ነበር።

ከዚያ ወንበር ተገለበጠ። መምህር ካሣ ወጥቶ ማንጎው ሥር ጎንበስ አለና ጣቱን ጉሮሮው ውስጥ ከተተ። ሳህኖች ተገፉ። ከቢሮ የመጣ አንድ ወጣት ብድግ ብሎ «ሆን ብላ ነው!» አለ። «ጴንጤ ምን ቸገራት! ጾማችንን ልታስፈታን ነው!»

«አላወቀችም!» አለች ሲስተር አልማዝ። «ስለማታውቅ እኮ ነው አምጥታ ያሳየችን!»

ወጣቱ በሩን ከፈተና በጣቱ ወደ ላይ አመለከተ። «ካላወቀች ይህን ማን ጻፈው? ‹የጾም› አይልም? አንብቢዋ!»

ሁሉም ሲወጡ ቀና እያሉ ሰሌዳውን አዩት። ሲገቡ በስማቸው የጠራቸው ቃል ሲወጡ ምስክር ሆነብን።

መጨረሻ ላይ የቀሩት አቶ ሀብቴ ናቸው። ቆባቸውን ይዘው ቆመዋል። እናቴ ግድግዳውን ተደግፋ «ምን አደረግሁ? አሪየት፣ ምን አደረግሁ?» ትለኛለች። አቶ ሀብቴ ቀስ ብለው ቀረቧት።

«እኔ አልቀየምሽም» አሏት። «ግን ልጄ ባሕር ዳር ሐኪም ቤት ተኝቷል። ለእሱ ብዬ ነበር ዘንድሮ ከሌላው ጊዜ ይበልጥ ጠበቅ አድርጌ የያዝኩት። አሁን… ምን ብዬ እንደምቀጥል አላውቅም።» ቆባቸውን አድርገው ወጡ።

ቤቱ ባዶ ሲሆን እናቴ ሰሌዳው ሥር ወስዳ አቆመችኝ። «እያንዳንዱን ቃል ለየብቻ አንብቢልኝ» አለች። አነበብኩ። «ለጾመኛ እንግዶቻችን» ስል «እውነት ነው፤ ጾመኛ ናቸው» አለች። «ጣፋጭ» ስል «እውነት ነው» አለች። «ዓሣ» ስል «እውነት ነው» አለች። «የጾም» ስል ግን እጇን አንሥታ አስቆመችኝ። «ይህ የእኛ ቃል አልነበረም። የማናውቀውን ቃል በራችን ላይ ሰቀልን» አለች።

ጋሽ ንጉሤ ወሬውን ሰምቶ እየሮጠ መጣ። እሱም ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ሲበላ ነበርና ፊቱ አመድ መስሏል። አልተቆጣንም። «እንዴት አልነገርኳችሁም? እንዴት?» እያለ ራሱን ያዘ። ከዚያ ብሩሹን አወጣ። ቃል ያበላሸውን ቃል ያስተካክለዋል ብሎ ያምን ነበር፤ እኔም አምኜ ነበር። ከሥር በጥቁር ቀለም ጨመረበት፦ «በዘይት ብቻ የተጠበሰ። እንቁላል የለውም።»

በማግስቱ በዘይት ብቻ ጠብሰን ጠበቅን። ሰዎች ያልፋሉ፤ ቀና ብለው ያነባሉ። «እንቁላል የለውም!» ይላል አንዱ። «ኧረ እውነት?» ይላል ሌላው፤ ሳቅ ይሆናል። ነገሩን ጨርሶ ያልሰማ ሰው እንኳ ጽሑፉን ሲያይ «ለምንድነው እንዲህ የሚሉት?» ብሎ ይጠይቅና እዚያው መንገድ ላይ ታሪኩን ይነግሩታል። ብዙም ሳይቆይ ቤታችን ስም አገኘ። «እንቁላል የለውም ቤት» አሉት። ትምህርት ቤትም እኔን «እንቁላል የለውም» ብለው ይጠሩኝ ጀመር። ሲስተር አልማዝ አንድ ቀን መጥታ ከእናቴ ጋር ተቀመጠች፤ ግን አልበላችም። ዓሣው በዚያ ሙቀት ስለማይቆይ በየቀኑ ለጎረቤት እናድላለን።

እናቴ ተስፋ ያደረገችው ፋሲካን ነበር። «ጾሙ ሲያልቅ እንቁላል ይበላሉ። ያኔ ይመጣሉ» ትላለች። ቀኑ እስኪደርስ በየቀኑ ትጠይቀኛለች። ፋሲካ ሆነ። በማግስቱ ማልዳ ተነሥታ እንቁላል መታች፤ ቅርፊቱ እንደ ድሮው ወርቅ ሆነ። ደጃፉን ጠረገች። ማንም አልመጣም። እኛ ያላወቅነው ሌላም ነገር ነበር። ሁለት ወር ሥጋ ያልቀመሰ ሰው ለፋሲካ ዓሣ አይበላም። ያን ሳምንት ከተማው ሁሉ የሥጋ ሽታ ይሸት ነበር።

በሳምንቱ መጨረሻ አቶ ሀብቴ መጡ። እናቴ በሩ ላይ ስታያቸው እንደ ልጅ ሮጠች። ወንበሩን በልብሷ ጠረገችላቸው። እሳቸው ግን አልተቀመጡም። ጥቁር ለብሰው ነበር፤ እሷ አላስተዋለችም፤ እኔ አስተዋልኩ።

«አቻላ» አሏት፤ «ልመጣና ልነግርሽ ይገባኝ ነበር። የአንቺ እንቁላል አይደለም። ሰው ምንም ቢልሽ እንዳትሰሚ። እግዚአብሔር እንቁላል ቆጥሮ አይቀጣም። የልጄ ቀኑ ደርሶ ነው።»

ሊያጽናኗት ነበር የመጡት። ምን ያህል መንገድ ላይ እንዳሰቡበት፣ ቃሉን እንዴት እንደመረጡት ከአነጋገራቸው ያስታውቃል። ነገር ግን እናቴ ልጁ መሞቱን አታውቅም ነበር። ከዚያ ሁሉ መልካም ቃል ውስጥ የሰማችው አንዱን ብቻ ነው። ወደ እኔ ዞራ በአኙዋክኛ «ልጁ ሞተ?» አለችኝ። በአዎንታ ራሴን ነቀነቅሁ። መሬት ላይ ቁጭ አለች። አቶ ሀብቴ «አይደለም እኮ፣ አይደለም እኮ የምልሽ» ይላሉ። እኔም በሁለቱ መካከል ቆሜ ቃላቸውን እተረጉምላታለሁ። አንድም ቃል አልዘለልኩም። አንድም ቃል አልገባላትም።

እሳቸው ሲሄዱ ምድጃውን አጠፋች። ባለቤቱ ሳይጠይቃት ቁልፉን ራሷ ወስዳ ሰጠችው። እኔን የቤተ ክርስቲያናችን አንድ ሽማግሌ ቤተሰብ ተቀበሉኝና ትምህርቴን ቀጠልኩ፤ እሷ ወደ ጎግ ተመለሰች። ከዚያ ወዲህ አብረን ኖረን አናውቅም። ክረምት ክረምት እሄዳለሁ። ዓሣ ትቀቅልልኛለች እንጂ አትጠብስልኝም። ለማያውቃት ሰው ምግብ አቅርባ አላየኋትም። አንድ ጊዜ «ያ ሰውዬ አልተቀየመሽም እኮ» ብላት «አውቃለሁ፤ እሱ ነው የከበደኝ» አለችኝ።

አሁን ኮሌጅ ገብቼ ገበያ ጥናት እማራለሁ። ጥሩ የማስታወቂያ ጽሑፍ ደንበኛ እንደሚስብ መጽሐፉ ይናገራል፤ እውነት ነው፤ በዓይኔ አይቻለሁ። አንድ ቃል ባዶ ቤት ሞልታልናለች። ነገር ግን እናንተም ነገ ለወንድማችሁ ሱቅ ወይም ለአክስታችሁ ሻይ ቤት ሰሌዳ ትጽፉ ይሆናልና ይህን ብቻ ልለምናችሁ። የምትጽፉትን ቃል፣ ከመስቀላችሁ በፊት፣ የሚያነበው ሰው ፊት አስቀምጡትና «ይህ ለአንተ ምን ማለት ነው?» ብላችሁ ጠይቁት። ቀላል አይምሰላችሁ። እኛ የሰቀልነው ቃል ውስጥ የሌላ ሰው ሃይማኖት፣ የሌላ ሰው የታመመ ልጅ ነበረበት። ይህን ማወቅ እናቴን አልመለሰልኝም። መምህሬ ሲጠይቁኝ ያልተናገርኩትም ለዚህ ነው፤ መልሱን ባውቀውም የሚጠቅመው ሰው ከእንግዲህ ሰሌዳ አያሠራም።

እናቴ ወደ ጎግ የምትሄድ ቀን ጋሽ ንጉሤ መሰላል ይዞ መጣ። ሰሌዳውን አውርዶ በነጭ ቀለም ሊያለብሰው፣ ለሌላ ሰው ሊሸጥላትና ገንዘቡን ሊልክላት ፈልጎ ነበር። እሷ ግን አልሰጠችውም። «ንጉሤ፣ ቃሉ የአንተ ነው፤ እንጨቱ የእኔ ነው» አለችው። በቀስታ ነው ያለችው፤ እሱ ግን ፊቱን አዞረ። ሰሌዳውን ከዕቃዋ ጋር የጭነት መኪናው ላይ ጫነችው፤ ጽሑፉን ወደ ታች አድርጋ። ዛሬ እዚያው ጎግ የእህል ጆንያ ይቀመጥበታል። ሰሌዳው ከበራችን ላይ የወረደው ሰኞ፣ ሚያዝያ 14 ቀን 1988 ዓ.ም. ነው።